ከአሶሳ የተመለሰው መንገደኛና የትንሣኤው ተስፋ

እነሆ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው፣ የሰሙነ ሕማማቱ ስግደትና የዕለተ ስቅለቱ ኀዘን አልፎ፣ ከትንሣኤው ሌሊት ደጃፍ ደርሰናል። በዚህች ሌሊት በየአጥቢያው ጧፍ ይበራል፤ ከበሮ ይመታል፤ ምእመናንም በጸሎት አንግተው ዶሮ ሲጮኽ ጾማቸውን ለመፍታት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ቄጠማ በተጎዘጎዘበት፣ ዳቦ በተቆረሰበት ማዕድ ዙሪያ ዘመድ ከዘመዱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይገናኛል። ትንሣኤ በአገራችን የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን እንደየሥርዓታቸው በአንድ ዕለት የሚያከብሩት ታላቅ በዓል ነው። በመሆኑም የዚህ ገጽ አዘጋጆች ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች የእንኳን አደረሳችሁ መልእክታችንን አስቀድመን እናቀርባለን።

ይሁን እንጂ በዓል ለሁሉም ሰው በአንድ መልክ አይደርስም። ከማዕዱ ዙሪያ የአንድ ሰው ስፍራ ባዶ የሆነበት ቤት አለ። ከቀዬው ርቆ በሰው ደጅ በዓሉን የሚቀበል ወገን አለ። ልጁን በስንት ድካም አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃሁ ሲል ሥራ አጥቶ ሲተክዝ የሚያይ ወላጅ አለ። የገበያው ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ለልጆቹ የፋሲካን ዶሮ መግዛት ያልቻለ አባወራ አለ። እነዚህ ወገኖቻችን «መልካም በዓል» ሲባሉ አፋቸው «አሜን» ቢልም፣ ልባቸው «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ የእምነት ማጣት ምልክት አይደለም። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እንኳ ደጋግሞ የሚሰማ፣ የአማኞች ሁሉ የጸሎት ቃል ነው። የትንሣኤው በዓል ለዚህ ጥያቄ ምን ይላል? ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመለከተው የወደድነው ይህንኑ ነው።

ስለ ተስፋ በጥቅሉ መናገር ቀላል ነው። ተስፋ የሚፈተነው ግን በታወቀ ስፍራ፣ በታወቀ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ስለዚህ አሳባችንን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ አሶሳና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እንመልሳለን። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች፣ ከሌላው የአገራችን ክፍል ከመጡ ወገኖች ጋር አብረው የሚኖሩበት ይህ ምድር፣ በወርቁ፣ በማንጎውና በቀርከሃው ይታወቃል። በጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም የክልሉ ስም በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። ነገር ግን ይኸው ምድር ብዙ ልብ የተሰበረበትም ምድር ነው። ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ እውነተኛ ነገር መናገር የሚቻል ከሆነ፣ እዚያ ቆሞ መናገር የሚቻል መሆን አለበት።

የሴቶቹ ጥያቄ

የትንሣኤውን ዜና የጻፉልን ወንጌላውያን ታሪኩን የሚጀምሩት በድል አዋጅ ሳይሆን በኀዘንተኞች ጉዞ ነው። ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሠገሡት ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። የሄዱትም የሞተውን በክብር ለመሰናበት እንጂ የተነሣውን ለመቀበል አልነበረም። በመንገድ ላይ ሳሉ ያስጨነቃቸው ያን ከባድ ድንጋይ ከመቃብሩ ደጃፍ የሚያነሣላቸው ሰው ማጣታቸው ነበር። ለጥያቄያቸው መልስ አልነበራቸውም። የሚያግዛቸውም ጎልማሳ አብሯቸው አልወጣም። ቢሆንም ጉዞአቸውን አላቋረጡም፤ «ድንጋዩ ሲነሣ እንሄዳለን» ብለውም በቤታቸው አልቀሩም። ትንሣኤውን ከሁሉ አስቀድመው ለማየት የበቁት ድንጋዩ እንዳለ እያወቁ የተነሡት ናቸው።

በዚያው ዕለት ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲወርዱ እናገኛለን። እነዚህ ሰዎች ስለ ተስፋቸው የተናገሩት በኃላፊ ጊዜ ነበር፤ ለእነርሱ ነገሩ አልፏል፣ አብቅቷል። በመንገድ የተቀላቀላቸው እንግዳ ኀዘናቸውን አላጣጣለባቸውም። ተክዘው እየሄዱ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ እስኪጨርሱም አዳመጣቸው። ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን ተረጎመላቸው፤ በማዕድም ተቀምጦ እንጀራ ቆረሰላቸው። ዓይናቸው ሲከፈት ሌሊቱን ሳይፈሩ ወዲያው ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። የተመለሱበት መንገድ ያው የመጡበት መንገድ ነው። ርቀቱ አልቀነሰም፤ ጨለማውም ይበልጥ በርትቷል። የተለወጠው የመንገደኞቹ ልብ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ክርስቲያናዊ ተስፋ ድንጋዩ የለም ብሎ መካድ አይደለም። ድንጋዩ እስኪነሣም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ድንጋዩ ባለበት በዚያው ሰዓት፣ በእጅ ያለውን ሽቱ ይዞ መነሣት ነው። ይህን እውነት በአገራችን ምዕራባዊ ዳርቻ በሕይወቱ የመሰከረ አንድ ሰው አለና ታሪኩን እናስታውስ።

መንገድ የተዘጋባቸው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ በተባለው ስፍራ አጠገብ ሂካ የሚባል ሕፃን ተወለደ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። ይህ ልጅ አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ። ጥቂት ቆይቶም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀና ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ወደብ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 በዚያው በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤትም ገባ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1872 ሲጠመቅ ዕለቱ በምዕራባውያኑ አቆጣጠር የትንሣኤ እሑድ ነበር። በጥምቀት ያገኘው ስም ኦኔሲሞስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው። ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው። እንግዲህ ታሪክ ኦኔሲሞስ ነሲብ ብሎ የሚያውቃቸው እኒህ ሰው፣ አዲሱን ስማቸውን በትንሣኤ ቀን የተቀበሉ ናቸው።

ኦኔሲሞስ በስዊድን አገር ለአምስት ዓመታት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በግድ ወደ ተነጠቁበት ወገናቸው ተመልሰው ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ማስተማር። በመሀል አገር በኩል ያለው መንገድ ስላልተከፈተላቸው ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሱዳን ዞረው ጉዞ ጀመሩ። በረሃውን አቋርጠው፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው፣ እስከ አሶሳ አካባቢ ድረስ ዘለቁ። ከዚያ ወዲያ የወለጋ ደጋ ሩቅ አልነበረም። ዛሬ ከባምባሲ በመንዲ፣ በነጆና በጊምቢ አድርጎ ነቀምት የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ፣ ሰውየው ከወገናቸው ደጃፍ ምን ያህል ቀርበው እንደነበር ይረዳዋል። ነገር ግን ማለፍ አልተቻለም። ከዚያ ደጃፍ ተመለሱ። ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርሱ፣ ሱዳን በማህዲስቶች አመፅ ትታመስ ነበር። በመጨረሻም ወደተነሡበት ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

በልጅነቱ ተሽጦ፣ ነፃ ወጥቶ፣ ተምሮ፣ ለአገሩ ደጃፍ በቅቶ፣ ከደጃፉ የተመለሰ ሰው ምን ያህል ልቡ እንደሚሰበር መገመት አያስቸግርም። በኋላም በእንጦጦ በኩል የተደረገው ሙከራ እንዲሁ ሳይሳካ ቀርቷል። ኦኔሲሞስ ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ የነበራቸውን ዘመን በቁዘማ አላሳለፉትም። እግራቸው ሊደርስበት ወዳልቻለው ሕዝብ መጽሐፍ ይደርስ ዘንድ ብዕራቸውን አነሡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከወገናቸው ተለይተው ስለኖሩ የቋንቋው ሀብት እንዳነሳቸው ሲረዱም እርዳታ መፈለግን አላፈሩበትም። እንደ እርሳቸው ከባርነት የተረፈች፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጥታ እምኩሉ የገባች አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት፣ በተፈጥሮ ተሰጥኦዋና በቋንቋ ችሎታዋ የሥራው አጋር ሆነች። አስቴር ተረቱን፣ ምሳሌውንና እንቆቅልሹን ከቃል ወደ ጽሑፍ መልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ። ባሪያ ፈንጋይ ዝም ሊያሰኛቸው የሞከራቸው ሁለት ልጆች ለሚልዮኖች የንባብ አፍ ሆኑ።

ኦኔሲሞስ ወለጋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከአሶሳ አካባቢ ከተመለሱ 22 ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ነቀምትም ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ፈተናው አላቆመም፤ ለዓመታት ከመስበክ የታገዱበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1931 በነቀምት እስካረፉበት ቀን ድረስ ከተያያዙት ሥራ አልተለዩም። ዛሬ ላይ ሆነን ስንመለከተው፣ በ1882 መንገዱ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እኒያ መጻሕፍት መቼና እንዴት ይጻፉ እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ሥራቸው የተሠራው መንገዱ በተዘጋበት ዘመን ነው።

የአሶሳና የመተከል ፈተና

ኦኔሲሞስ ከተመለሱበት ከዚያ ዳርቻ ያለው ሕዝብ ከዚያም ወዲህ ብዙ የተዘጋ መንገድ አይቷል። በ1977 ዓ.ም. አገራችንን በመታው ድርቅና ረኃብ ምክንያት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ አሶሳና የበለስ ሸለቆው ፓዊ ከዋና ዋናዎቹ መድረሻዎች መካከል ነበሩ። ሰፋሪዎቹ ከስም ይልቅ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ተመደቡ። የቆላው ወባ ብዙዎችን ጨረሰ። የአካባቢው ነባር ሕዝብም፣ በተለይ የጉሙዝ ወገን፣ ሲያርስበትና ሲያድንበት የኖረው መሬት ተወሰደበት። ስለዚህ በዚያ ምድር ኀዘን የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንግዳውም አለቀሰ፤ ባለአገሩም አለቀሰ።

በቅርቡ ዘመን የሆነው ደግሞ ከሁላችንም አእምሮ አልጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በተቀሰቀሰው ግጭት በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለው ስፍራ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የልደት በዓል የዋለው ከዚያ ልክ በ15ኛው ቀን ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 24 ቀን ፋሲካ ሲከበርም በቻግኒ አቅራቢያ በሚገኘው የራንች መጠለያ ጣቢያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች በሸራ ሥር ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት አማራው፣ አገው፣ ሽናሻው፣ ኦሮሞውም ጉሙዙም ሬሳ ቀብሯል። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሟል፤ ከተፈናቀሉትም በርካቶች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ነገር ግን ቀዬ መመለስና ልብ መመለስ አንድ እንዳልሆኑ የተመለሱት ሁሉ ያውቁታል።

በዚህ ላይ የጎረቤት መከራ ተጨመረ። የሱዳን ጦርነት በካርቱም የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። አንድ ዘመን ታማሚው ኦኔሲሞስ ከተጠጉባት ከተማ ሰው በተራው ሸሽቶ ወጣ። በኩርሙክ በኩል ተሻግረው የመጡ ስደተኞችም ከቀደሙት ጋር የአሶሳን አካባቢ መጠጊያ አድርገዋል። ራሱ ቁስል ያለበት ሕዝብ የሌላውን ቁስለኛ ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ስንመሰክር ችግሩ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። የውኃው፣ የማገዶው፣ የመሬቱ ጥበት የታወቀ ነው። ይሁንና ደጅ የከፈተ ሕዝብ ተስፋ ቆርጧል ሊባል አይችልም።

ርካሽ ተስፋና እውነተኛ ተስፋ

እንግዲህ ልጇን በበኩጂ ለቀበረች እናት፣ ንብረቱ በካማሺ ለተቃጠለበት ገበሬ፣ የትንሣኤው መልእክት ምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ላይ ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል ብለን እናምናለን።

በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማ ርካሽ ተስፋ አለ። ያዘነውን «አታልቅስ»፣ የተራበውን «ነገ ሀብታም ትሆናለህ»፣ የተበደለውን «እርሳው» የሚል ነው። ይህ ተስፋ የሚናገረውን እንጂ የሚሰማውን አያስከፍለውም ብንል ከእውነቱ አንርቅም ይሆናል፤ ግን ያስከፍለዋል። ምክንያቱም የተባለው ነገር በማግሥቱ ሳይሆን ሲቀር፣ ኀዘንተኛው ከቀድሞው ኀዘን በላይ የራሱን እምነት መጠራጠር ይጀምራል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ሲደርስ ምን ሊያደርግ እንዳለው እያወቀ እንኳ እንባውን አፍስሷል። ከሞት በተነሣም ጊዜ የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም ነበር፤ ቶማስም ያመነው ያንን ቁስል አይቶ ነው። ስለዚህ ያዘነ ሰው እንዲያለቅስ መፍቀድ፣ የቆሰለውም ቁስሉን ሳይደብቅ እንዲናገር ጆሮ መስጠት፣ ከክርስትና ተስፋ የሚቃረን ሳይሆን የዚያ ተስፋ መጀመሪያ ነው።

እውነተኛው ተስፋ ደግሞ በሥራ ይታወቃል። ከመጠለያ ተመልሶ የወደቀ ጎጆውን ያቆመ፣ የጠወለገ ማሳውን ዳግመኛ ያረሰ፣ ዘር ከጎረቤቱ ተበድሮ ማሽላውን የዘራ ገበሬ ስለ ትንሣኤ ሳይናገር ትንሣኤን ይሰብካል። ዓመታት ቆጥሮ ፍሬ ለሚሰጥ ማንጎ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነገ አለ ብሎ ያመነ ሰው ነው። ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት የመለሰች እናትም እንደዚሁ። እነዚህ ሁሉ «ድንጋዩን ማን ያነሣልናል?» እያሉ፣ ግን ሽቱአቸውን ይዘው የወጡት ናቸው።

የክልሉ ሰው በደንብ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ እንጨምር። የአሶሳ አካባቢ ቆላ ቀርከሃ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ተክል ነው። የአበባው ዘመን ሲደርስ በሰፊው አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ፣ በጅምላ ይደርቃል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጫካው ሙሉ በሙሉ የሞተ ይመስለዋል። ነገር ግን የረገፈው ዘር በዝናሙ ወራት ከምድር ብቅ ይላል፤ እሳትና ከብት ካላጠፉት፣ ጠባቂም ካገኘ፣ በዓመታት ውስጥ ደኑ ይመለሳል። ጌታችንም ስለ ሞቱ ሲናገር በምድር ወድቃ ስለምትሞትና ብዙ ፍሬ ስለምታፈራ የስንዴ ቅንጣት ማስተማሩን እናስታውሳለን። ከሞት የሚነሣ ሕይወት አለ፤ ለሰው የተሰጠው ድርሻ ደግሞ ቡቃያውን ከእሳት መጠበቅ ነው።

ጎረቤት የሌለበት ተስፋ የለም

ከእሳት መጠበቅ ስንል በምሳሌ ብቻ አይደለም። ዳግመኛ የበቀል እሳት እንዳይነሣ ማድረግ ለዚያ ክልል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የክልሉ ሕዝብ ቁጥር 784,345 ሲሆን፣ 45 በመቶ ገደማው ሙስሊም፣ አንድ ሦስተኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ ከ13 በመቶ በላዩ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ፣ ቀሪውም በአመዛኙ ነባሩን እምነት የሚከተል ነበር። በእንዲህ ያለ ምድር «የእኛ ተስፋ» ብሎ በአጥር የሚከለል ነገር ሊኖር አይችልም። ክርስቲያኑ በፋሲካ ማለዳ ከበርታው ሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ቡና ካልጠጣ፣ ደጋው ሰው የጉሙዙን ልጅ እንደ ልጁ ካላየ፣ የትንሣኤው ሰላምታ ከከንፈር አያልፍም።

ለዚህ የሚሆን ጥበብ ከሩቅ መምጣት የለበትም። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ማንጊማ የተባለ ጥንታዊ የዕርቅ ሥርዓት አለ። ደም የፈሰሰበትን ጉዳይ እንኳ ሽማግሌዎች በአደባባይ ተቀምጠው፣ በደሉ ተነግሮ፣ ካሣው ተቆርጦ የሚፈጽሙት ነው። ሚቹ የሚባለው ትስስርም አለ፤ ጉሙዙ ከሌላው ብሔረሰብ ሰው ጋር በወዳጅነት ቃል ተሳስሮ፣ በክፉ ቀን አንዱ ለሌላው ጋሻ የሚሆንበት ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች ክርስትና ስለ ዕርቅ ከሚያስተምረው ጋር የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ጥፋት እንደሌለ አይቆጠርም፤ ስሙ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ይቅር ይባላል። በደል ያልተነገረበት ይቅርታ ቁስልን በላዩ እንደ መሸፈን ነው። ፍትሕ የሌለበት ተስፋም እንደዚያው ነው።

ከዚህ አኳያ ለእያንዳንዳችን የሚደርስ ድርሻ አለ። የየእምነቱ አባቶችና ሰባክያን፣ በኀዘን ላይ ላለው ሕዝብ ከስብከት በፊት ጆሮ፣ ከተስፋ ቃል በፊት እንባ እንዲሰጡት እንጠይቃለን። በገዛ ቋንቋው የሰማው ቃል ወደ ሰው ልብ እንደሚቀርብ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ አስተምረውናል። አዲስ ኪዳን በጉሙዝኛም ተተርጉሞ ለንባብ በቅቷልና አንባቢ እንዲበዛለት ማድረግ የሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ነው። በየደረጃው ያሉ የመንግሥት አካላትም የተመለሱትን ዜጎች ደኅንነት የመጠበቅ፣ ጥፋተኛን በሕግ የመጠየቅና ነባሩም ሰፋሪውም በመሬቱ ላይ ተረጋግቶ እንዲኖር የማድረግ ኃላፊነት አለባቸው። ሕግ የቆመበት ቀዬ የሰላምታ ድምፅ ይሰማበታልና። በከተማ የምንኖር ደግሞ የፋሲካውን ማዕድ ስንቀርብ፣ ከምናርደውና ከምንቆርሰው ለተቸገረው ጎረቤት ማካፈል ከጥንት የወረስነው ሥርዓት መሆኑን አንዘንጋ።

ወጣቶችንም አንድ ነገር እንለምናለን። መንገድ ተዘግቶባችሁ ከሆነ፣ ያ መዘጋት የእናንተ ዋጋ መለኪያ እንዳልሆነ እመኑ። ከአሶሳ ደጃፍ በንዳድ ታሞ የተመለሰው የ26 ዓመት ገደማ ወጣት፣ በዚያች ዕለት ራሱን እንደ ከሸፈ ሰው ቢቆጥር የሚፈርድበት አልነበረም። እርሱ ግን ሊሄድበት ያልቻለውን ትቶ ሊሠራው የሚችለውን ፈለገ። ብቻውን እንደማይችለውም ሲያውቅ አጋር ጠየቀ። በእጃችሁ ያለው ትንሽም ቢሆን እርሱን ይዛችሁ ተነሡ፤ ከጎናችሁም የደከመ ጓደኛ ካለ ብቻውን አትተዉት።

የትንሣኤው ሌሊት ሲነጋ የዓለም ችግር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈታም። በመጀመሪያው ትንሣኤ ማግሥትም የሮም ወታደሮች በኢየሩሳሌም ነበሩ፤ ደቀ መዛሙርቱም በራቸውን ዘግተው በፍርሃት ተቀምጠው ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ሞት የመጨረሻውን ቃል አለመናገሩ ታውቋል። ያን ያወቁ ሰዎች ከተዘጋው ቤት ወጡ፤ ወደ ገበያው፣ ወደ ጎዳናው፣ ወደ ጎረቤቱ ሄዱ። በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በቡለን፣ በፓዊና በካማሺ በዓሉን የምታከብሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ዛሬም ድንጋዩ ያልተነሣላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ እናውቃለን። እናንተ ግን ማሳችሁን አርሳችኋል፤ ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ልካችኋል፤ ለስደተኛው ደጃችሁን ከፍታችኋል። ገና ሳይነጋ ሽቱአቸውን ይዘው ከወጡት ጋር ተቆጥራችኋልና ብርቱ።

በድጋሚ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፤ መልካም በዓል!